ቋጠሮ ያለበት ቀበርቾ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1988

ዛሬም ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ጠዋት ግንባሯን ስነካው ደንግጬ እጄን መለስኩ። ከእሳት ዳር የተነሣ ድንጋይ ነው የሚመስለው።

ዘነበች ታላቅ እህቴ ናት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ተብሎ ከባሏ ቤት ወደ እኛ መጥታ ነው የወለደችው። ባሏ አዲስ አበባ ሽመና ላይ ነው፤ አባት መሆኑንም ገና አልሰማም። ሕፃኗ ሳምንት ሊሞላት ነው። ሕፃኗ ደህና ናት፤ ታለቅሳለች፣ ትጠባለች፣ ትተኛለች። ደህና ያልሆነችው እህቴ ናት።

እናቴ "የአራስ ምች ነው" ትላለች። "ቀበርቾ ይታጠንላት፤ ተነሽ" አለችኝና ባለ ሁለት ጣቱን መቆፈሪያ ይዛ ወጣች። እኔም ከኋላዋ።

ቀበርቾ እኛ ጋ የሚገኘው ከቤቶቹ በላይ ድንጋዩ ላይ ነው። ጥሩ አፈር ያለበት ቦታ አይወድም። ስንጥቅ፣ ጠጠርና ፀሐይ ነው የሚፈልገው። ሰው የሚቆፍረው ሥሩን ለጢስ ብሎ ነው። እኔ ግን አበባውን ነው የምወደው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ምን ብዬ እነግራለሁ? ክብ ነው፣ ሎሚ ያክላል፣ ዙሪያውን እሾህ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ሰማያዊ ነገር አለው። ከንብ በቀር የሚጠጋው የለም። በየዓመቱ ከዚያው ጉድጓድ ይነሣል። ሞተ ሲሉት ዝናብ ይዘንብና ይነሣል።

ዘንድሮ ግን ድንጋዩ ሁሉ ተቆፍሯል። ከታች ከቆላ የሚመጡ ነጋዴዎች በጆንያ እየሞሉ ወሰዱት። ስንዞር ውለን ያገኘነው ጣት የሚያክል ሥር ነው። እናቴ በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አሸተተችው።

"ይሄ ገና ሕፃን ነው" አለች። ቢሆንም ወሰድነው።

ይህን የምጽፈው ከአምስተኛ ክፍል በተረፈኝ ደብተር ላይ ነው። ትምህርት ያቆምኩት እዚያ ነው። እዚህ የማነሣቸው ሰዎች የሚናገሩት በጋሞኛ ነው፤ በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ መጻፍ የተማርኩት በእሱ ስለሆነ። ደግሞ ቤታችን አማርኛ የሚያነብ ሰው የለም። ይሄ ይሻለኛል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ቀበርቾው አልሠራም። ገል ላይ ፍም አድርገን ያቺን ቀጭን ሥር ቆራርጠን ጨመርንበት። ዘነበችን ጋቢ ደርበንላት ጢሱ ላይ አጎነበስናት። ሳለች፣ ሳለች። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል፤ ላብ ግን የለም።

"በቃኝ፣ ልተኛ" አለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትተኛው። ሌላም ነገር አለ፤ ጨርቋን ሳጥብ የሚሸት ነገር። እናቴ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም አልተናገርንም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ እንደገና "ነይ" አለችኝ። ትናንት ያልደረስንበት ቦታ ወጣን፤ ድንጋዩ እንደ ጣራ ወደ ፊት የወጣበት፣ ሐይቁ በሙሉ የሚታይበት። እዚያ አንድ ትልቅ ቀበርቾ አለ። ግንዱ የእኔን ቁመት ያክላል። አበባዎቹ ደርቀው አሁንም ላዩ ላይ አሉ። ግርጌው ላይ ቃጫ ተቋጥሮበታል።

ቋጠሮው የእማማ ሻሼ ነው። እማማ ሻሼ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ቀበርቾ እየሸጠች ነው የምትኖረው። እኛ ጋ ቀበርቾ ሲያብብ ያየ ሰው ግርጌው ላይ ቃጫ ይቋጥርበታል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አስተሳሰር ስላለው የማን እንደሆነ ይታወቃል። ባለቤቱ ሥሩ ሲወፍር መጥቶ ይቆፍረዋል። ሌላ ሰው አይነካውም። የነካ ጎሜ ይይዘዋል፤ ክልክሉን ያፈረሰ ሰው ጣጣው በሽታ ሆኖ ቤቱ ይገባል፤ በራስ አፍ ካልተናገሩትም አይወጣም። መምህራችን ጎሜ የሚባል ነገር የለም ይል ነበር። እሱ ግን ተቀይሮ ሄደ፤ እኛ እዚሁ ነን።

እናቴ ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ፊትሽን ወደ ሐይቁ አዙሪ።"

ዞርኩ። ዓባያ ቀይ ነበር፣ እንደ ጭቃ። አንዲት ጀልባ ነበረች፣ ወይም ጉማሬ፣ ከሩቅ አይለይም። ከኋላዬ ብረቱ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። የእናቴን ትንፋሽ ሰማሁ። አንድ ነገር ሲበጠስ ሰማሁ። ከዚያ አፈር በእግር ሲደለደል።

ስንወርድ በነጠላዋ የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች፣ ልክ እንደ ሕፃን።

"ምን አየሽ?" አለችኝ።

"ሐይቁን።"

"ጎበዝ።"

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

አላባት! ሌሊቱን በሙሉ ላቧ ወረደ። ሥሩ ክንድ የሚያክል ነበር፤ ሲቆረጥ ሽታው ከቤት አልፎ ደጅ ወጣ። ጠዋት ገንፎ ጠየቀች፤ ግማሹን በላች። ልጅቷን አቅፋ "አፍንጫዋ የአባቷ ነው፣ ምስኪን" ብላ ሳቀች። እናቴም ሳቀች። እናቴ ስትስቅ ካየሁ ቆየሁ። እኔ ውኃ ለመቅዳት ስወርድ ብቻዬን አዜምኩ፤ ሰው ሲመጣ አቆምኩ።

ከቀትር በኋላ ግን ይህን የጻፍኩትን ሁሉ ልሰርዘው ፈለግኩ። ብርዱ ተመለሰ። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተንቀጠቀጠች። የቀረውን ሥር ጨመርንበት። ጢሱ ቤቱን ሞላው፤ ሕፃኗ አስነጠሳት፤ ዘነበች ግን እንደ መጀመሪያው አላባትም።

ሌላም ነገር። ውኃው ጋ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። እማማ ሻሼ ቋጠሮዋ ተቆርጦ አግኝታዋለች። ሰው የሚሰበሰብበት ዱቡሻ መሐል ቆማ ተናግራለች አሉ። የማንንም ስም አልጠራችም። "ቋጠሮዬን የቆረጠ ሰው ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ከቤቱ ቃሬዛ አይነሣ" ነው ያለችው።

እንስራዬን ግማሽ ብቻ ሞልቼ ተመለስኩ። ለእናቴ ነገርኳት። ፍሙን ትነካካ ነበር፤ መነካካቷን አላቆመችም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬ ተናግሬ መጣሁ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ታች ያለው ክሊኒክ ብቻዬን ወረድኩ። መንገዱን በሙሉ የምለውን በአማርኛ እያልኩ ነው የሄድኩት። "እህቴ ወልዳ ታመመች። እህቴ ወልዳ ታመመች።" ጤና ረዳቱ ወጣት ነው፤ የእኛን ቋንቋ አያውቅም። ተራዬ ሲደርስ ሁሉም ነገር ከአፌ ጠፋ።

"አንቺ ነሽ የታመምሽው?"

ራሴን ነቀነቅኩ፣ አይደለሁም ለማለት።

"ታዲያ ማን ነው? ተናገሪ እንጂ የኔ እህት፤ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።"

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ባይስቁ ኖሮ ዝም ብዬ የምመለስ ይመስለኛል። ሲስቁ ግን ልቤ ቆረጠ፤ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሁሉንም አልኩት። ትኩሳቱን፣ ብርዱን፣ ሆዷን፣ ሽታውንም። ሽታውን ስናገር ጆሮዬ ጋለ። ቀና ስል እሱ አይስቅም።

"እንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል?"

"አላውቅም።"

"ስሚኝ። እኔ የምሰጣት ኪኒን ይሄን አያድነውም። አርባ ምንጭ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ዛሬ ከሆነ ዛሬ፣ ካልሆነ ነገ በጠዋት። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"ጢስ ታደርጉላታላችሁ?"

"ቀበርቾ።"

"እንግዲህ በሩን አትዝጉት። ሕፃኗም ሳንባ አላት።"

ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ዳገቱን ስወጣ አላረፍኩም። እናቴ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቆጣችም። "ሰዎቹን ጥሪ" አለችኝ ወዲያው። አባ ማዳልቾ ጋ ሄድኩ፤ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። "ነገ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን" አሉኝ። ጎበዝ ሆኛለሁ ዛሬ። ኪኒኑንም ዋጠችው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

አልወሰዷትም።

መጥተው ነበር። ሰዎቹ ቃሬዛውን ይዘው፣ አባ ማዳልቾ ከፊት ሆነው። ዘነበችን በጋቢ ጠቅልለን፣ ሕፃኗን እኔ አዝዬ፣ ቆጮውን በቅጠል ቋጥረን ተዘጋጅተን ነበር። አባ ማዳልቾ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ከማንሣታችን በፊት" አሉ፣ "የሻሼን ቃል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዛሬ ከየትኛውም ቤት ብናነሣ እንጠይቃለን፤ እናንተን ብቻ አይደለም። በዚህ ቤት የሚነገር ነገር አለ?"

"የለም" አለች እናቴ።

"እንግዲያ እጅሽን ቃሬዛው ላይ አድርገሽ በይልን።"

እናቴ እጇን ዘረጋች። አየኋት። ጣቶቿ እንጨቱን ሊነኩ ሲሉ እጇን ሰበሰበችና ወደ ቤት ገባች።  አንዱ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ትከሻዬን ቆጥቤ አይደለም" አለ። "እኔም ቤት ልጆች አሉ። ጎሜ ያለበትን ቃሬዛ ተሸክሜ ጎሜውን ቤቴ ይዤው ልግባ?"

አባ ማዳልቾ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ ልጄ?"

"ምንም አላየሁም።"

"ያየሽውን አልጠየቅኩሽም" አሉና ጠበቁኝ። ብዙ ጠበቁኝ።  የእግሬን ጣት እያየሁ ቆምኩ፣ ከዚያ እግራቸውን አየሁ፣ ከዚያ እግራቸው ሲሄድ አየሁ። ቃሬዛውን ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ሄዱ።

እናቴ "እኛ እንወስዳታለን" አለች። ዘነበችን ከግራና ከቀኝ ደግፈን አስነሣናት። እስከ እንሰቱ አጥር ተራመደች። እዚያ ጉልበቷ ከዳትና ሦስታችንም ወደቅን። ሕፃኗ ጀርባዬ ላይ ጮኸች። ተመልሰን አስተኛናት። እናቴ የዘነበችን እግር ከአፈሩ በውኃ አጠበችላት፤ ስታጥበው አየሁት፤ እግሯ አብጧል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

ዘነበች ሰው አትለይም። እኔን በባሏ ስም ትጠራኛለች። "ጥሩ ክር ገዛህ?" ትለኛለች። "ገዛሁ" እላታለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ጡቷ ውስጥ ወተት የለም። ጎረቤታችን መጥታ ከልጇ ጋር አጠባችልን። ስትወጣ ቃሬዛውን እንዳትነካው ዞራው ሄደች።

እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት። በሹክሹክታ።

"ለምን አትናገሪም?"

"ምን?"

"እናቴ።"

ልክ ከባድ ነገር እንደምታወርድ ሆና ተናገረች። "ብናገርና ወስደዋት መንገድ ላይ ብትሞትስ? በእናቷ ጎሜ ሞተች ይላሉ። እኔ ገደልኳት ማለት ነው። ልጅቷ አድጋ አያቴ እናቴን ገደለች ትላለች። ካልተናገርኩ ግን በምች ሞተች ነው። ሰው በምች ይሞታል።"

"ባትሞትስ?"

የዘነበችን ጋቢ አስተካከለች። አሁን ገባኝ፤ እናቴ የፈራችው እማማ ሻሼን አይደለም። ሁሉንም በልቧ ጨርሳለች፤ ቀብሩን እንኳ ሳታስብ አልቀረችም። ያኔ ነው የተነሣሁት። ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ፤ እንስራ ግን አልያዝኩም።

እማማ ሻሼ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በቢላዋ ሥር ትፍቃለች። ቀና ብላ አየችኝ።

"ማን ናት? አሃ፣ ያቺ ድምፅ የሌላት። ምነው፣ አፍሽን ቤት ጥለሽው መጣሽ?"

ቆሜ ቀረሁ። ሥሯን መፋቅ ቀጠለች።

"መቆምሽ ካልቀረ ጥላው ውስጥ ቁሚ። ፀሐዩ ያዞርሽና ደግሞ አንቺን የሚሸከም እንፈልጋለን።"

"ቀበርቾዎን የቆፈረችው እናቴ ናት" አልኩ።

ቢላዋው ቆመ።

"አይተሻል?"

"አላየሁም። ሰማሁ። ፊትሽን ወደ ሐይቁ አዙሪ አለችኝ።"

እማማ ሻሼ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ግን የደስታም አይደለም። "ይቺ ሴትዮ። አውቃለሁ እኮ። ጉድጓዱን ደፍና በእግሯ ደልድላዋለች። ሌባ ጉድጓድ ሲደፍን አይተሽ ታውቂያለሽ? እናትሽ ከልጅነቷ ጀምሮ የተዝረከረከ ነገር አትወድም። አብረን ነው ያደግነው።"

"ካወቁ ለምን ስሟን አልጠሩም?"

"እሷ ራሷ እንድትጠራው ነዋ።" ቢላዋውን መሬት ላይ አኖረችው። "ያቺን ቀበርቾ እኔም አልቆፍራትም ነበር፤ ታውቂያለሽ? የቋጠርኩት ነጋዴዎቹ እንዳይነኳት ብዬ ነው። የድንጋዩ ዘር ሁሉ ከእሷ ነው የሚበተነው። እንደ እሷ ያለ እንዲበቅል እኔ አልደርስበትም፤ አንቺም ከደረስሽበት አርጅተሽ ነው። እናትሽ መጥታ 'ሻሼ፣ ልጄ ታማለች' ብትለኝ ይኸው ቤት ሙሉ ደረቅ ሥር አለ። በነፃ እሰጣት ነበር። እየሰደብኳትም ቢሆን እሰጣት ነበር።"

ይህን ስሰማ አለቀስኩ። አልፈለግኩም ነበር፤ መጣብኝ። እናቴና እማማ ሻሼ በእንሰት ድንበር ተጣልተው ከተኮራረፉ ዓመት አልፏል። እናቴ ያልለመነቻት ለዚህ ነው። ለዚህ ብቻ።

"ሥሩ ረዳት ወይ?" አለችኝ እማማ ሻሼ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አንድ ሌሊት ተኛች።"

ቢላዋውን መልሳ አነሣች። "አንቺ መናገርሽ እናትሽ ተናገረች ማለት አይደለም። ነገ እሑድ ነው፣ ሰው ሁሉ አለ። ሳይሞቅ ዱቡሻ ትምጣ። በራሷ አፍ።"

"እህቴ እስከ ነገ…"

"የተናገርኩትን ብቻዬን ብመልሰው ወንዶቹ አያምኑትም ልጄ። አዘነችላት እንጂ ጎሜው አለ ይላሉ። ቃሬዛውን እንዲያነሡልሽ ከፈለግሽ መንገዱ ይኸው ነው።"

"እምቢ ብትልስ?"

"ያኔማ እኔና አንቺ እንሸከማታለን። አንቺ ከፊት፣ እኔ በዚህ ወገቤ ከኋላ። ለፋሲካ አርባ ምንጭ እንገባለን።"

አሁን ቤት ነኝ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። እንስራውን አይታዋለች፣ ባዶ እጄን አይታዋለች። ይህን መስመር ስጨርስ እነግራታለሁ። ጨረስኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14

አርባ ምንጭ ነን። የምጽፈው ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ሁሉንም በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ጭንቅላቴ ግን ገና ዳገቱ ላይ ነው።

ትናንት ለእናቴ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻል ነበር። አየችኝ ብቻ።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"እህትሽ ብትሞት…"

"ሳትሞት ብዬ ነው ለእማማ ሻሼ የነገርኩት" አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለእናቴ ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ለእኔ አንድ ቃል አልተናገረችም። እስካሁን ድረስ።

ጎሕ ሲቀድ ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች። እኔ ከዘነበች ጋር ቀረሁ። ዱቡሻው ከቤታችን በታች ነው፤ ድምፅ ይሰማል፣ ቃል ግን አይለይም። የአባ ማዳልቾ ድምፅ መጣ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። እናቴ አልሄደች ይሆን ብዬ አሰብኩ። ዞር ብላ ወደ ገደሉ ሄዳ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እንዲህም አሰብኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ጮክ ያለ፣ የተሰነጠቀ።

ሲመጡ ሁሉም እጃቸው ላይ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ በዚህ ደረቅ ወር ከታች ከምንጩ ሰው ልከው ነው ያስመጡት። እናቴ መሐል ናት፣ ዓይኗ የትም አያይም። እማማ ሻሼ አጠገቧ ናት።

"ዝቅ አድርጋ ብላው ነበር" አለችኝ እማማ ሻሼ ሲደርሱ፣ ሁሉም እየሰሙ። "አልሰማሁም አልኳት። ደግማ አለችው። አሁን ታች ቆላ፣ ላንቴ መንደር ድረስ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።" እናቴን በክርኗ ነካ አደረገቻት። እናቴ አልሳቀችም፤ ግን ክርኑን አልገፋችውም።

ወንዶቹ አሁንም ቆመው ነበር። እርስ በርስ ይተያያሉ። ሣሩ በእጃቸው ነው፣ ይቅርታው ተነግሯል፣ ግን ቀድሞ የሚጎነበስ ጠፋ። እማማ ሻሼ አየቻቸው። ከዚያ ራሷ ሄዳ አጎነበሰች፤ የቃሬዛውን እንጨት ያዘች። ሴት ቃሬዛ አትሸከምም እኛ ጋ። እሷ ግን ጫፉን ከመሬት አነሣችው፤ ወገቧን እያመማት፣ ፊቷ እየተጨማደደ።

"ይኸው እኔ ነካሁት" አለች። "ቃሉ የእኔ ነበር። ትከሻዬ ከወደቀ ንገሩኝ።"

አባ ማዳልቾ "ተይ አንቺ ሴት፣ ትሰበሪያለሽ" ብለው ተቀበሏት። ከዚያ ሁሉም ተንቀሳቀሰ። በአንድ ጊዜ። ዘነበችን አነሡ።

ቁልቁለቱን እየተቀባበሉ ወረዱ። ከፊት ያሉት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ከኋላ ያሉት ወገባቸውን ሰብረው፣ ቃሬዛው እንዳያዘነብል። እኔ ሕፃኗን አዝዬ ከኋላ። እናቴ ከቃሬዛው አጠገብ፣ የዘነበችን እጅ ይዛ። ወደ ቆላው ስንቀርብ ሙቀቱ እንደ ግድግዳ መጣ። ዘነበች ዓይኗን ገልጣ "ወዴት ነው?" አለች። አንዱ ተሸካሚ "ባልሽ ጋ ነው የምንወስድሽ፣ አንዴ ዝም በይ" አላት። ሳቁ። እየሮጡ ሳቁ።

ዋናው መንገድ ላይ ቆምን። መኪና ጠፋ። መጀመሪያ የመጣው አልፎን ሄደ። ቀጥሎ ሙዝ የጫነ አይሱዙ መጣ። አባ ማዳልቾ መንገዱ መሐል ገብተው ሣሩን ከፍ አድርገው ቆሙ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

"አባቴ፣ በሬ ነኝ እንዴ ሣር የሚያሳዩኝ?"

አባ ማዳልቾ አማርኛ አይሰሙም። ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ።

"ወልዳ ነው" አልኩት። "ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች።"

ሾፌሩ ቃሬዛውን አየ፣ ጀርባዬ ላይ ያለችውን አየ። "በሉ ጫኗት" አለ። "ሙዙ ላይ ትተኛለች፤ ከአልጋ ይሻላል።" ሙዙ ላይ አስተኛናት። እናቴና እኔ ብቻ ነን የመጣነው። ስንንቀሳቀስ ሰዎቹ መንገዱ ላይ ቆመው ትከሻቸውን ያሻሹ ነበር።

ሐኪም አይቷታል። ወደ ውስጥ ወስደዋታል። በሩ ተዘግቷል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

በሕይወት አለች። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው።

ትናንት የቀረውን እንግዴ ልጅ አወጡላት። ግሉኮስ ሰቅለውላታል፣ መርፌ በየጊዜው ይወጓታል። ትኩሳቱ አልወረደም። ጠዋት ስሜን ጠራች፤ የእኔን ስም፣ የባሏን አይደለም። ከዚያ መልሳ ተኛች። ሕፃኗን አጠገባችን ያለች የዚሁ ከተማ፣ የሴቻ ሰፈር ሴት እያጠባችልን ነው፤ እሷም ወልዳ ነው የተኛችው። "ይቺማ ሁለት እናት አላት" ትላለች።

እናቴ አልጋው ሥር ተቀምጣለች። ከእኔ ጋር አትናገርም። ቆጮ ስሰጣት ትቀበለኛለች፤ ዓይኗን ግን አታነሣም። እኔም አልናገርም። ሁለታችንም ዘነበችን እናያለን።

ከቀትር በፊት ሐኪሙ ከሲስተሯ ጋር መጣ። ሲስተሯ ወረቀት ይዛ በአማርኛ ጠየቀች፤ መቼ ወለደች፣ ትኩሳቱ መቼ ጀመረ፣ ምን አደረጋችሁላት፣ ምን ወሰደች። እናቴን እያየች ነው የጠየቀችው። እናቴ አንድም አልገባትም። ሲስተሯ ደግማ ጠየቀች፣ ጮክ ብላ። እናቴ ያኔ ወደ እኔ ዞረች። ከቅዳሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"አንቺ ንገሪያቸው" አለችኝ። "መናገሩን አንቺ ትችይበታለሽ።"

ንዴት ይሁን ሌላ ነገር ከድምፁ አልለየሁትም። ሁለቱም ያለበት መሰለኝ።

ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንድም ሳልደብቅ። ቀበርቾውንም፣ የዋጠችውን ኪኒንም፣ ከመንገድ የዘገየንበትን ቀንም። ለምን እንደዘገየን ሐኪሙ ጠየቀኝ። "ተሸካሚ አጣን" አልኩ። እውነት ነው። የቀረው የእናቴ ነው።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ለእናቴ ንገሪያት ብሎ የነገረኝ ይህ ነው፤ በሽታው ደሟ ውስጥ ገብቷል፣ መድኃኒቱ እየሠራ እንደሆነ እስከ ነገ ድረስ አይታወቅም፣ ተስፋ አለ፣ ግን እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም።

ሲወጡ እናቴ "ምን አለ?" አለችኝ።

ማሳጠር እችል ነበር። ደህና ናት አለ ማለት እችል ነበር። ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ እንዳለው። "ደሟ ውስጥ" ስል እናቴ የአልጋውን ብረት ያዘች። "ተስፋ አለ" ስልም አልለቀቀችውም።

ብረቱን እንደያዘች ጠየቀችኝ፣ "ደም ቢያንሳት የእኔን ይወስዳሉ?"

"አላውቅም።"

"ጠይቂ።"

ሐኪሙ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ በከፊል ክፍት ነው፣ ውስጥ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ነጭ የለበሱ፣ ሁሉም የሚያወሩ። እናቴ እያየችኝ ነው። ሕፃኗን ከጀርባዬ ፈትታ ተቀበለችኝ። ልሂድ።